አራተኛው ባዶ

የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው። ሰፈሩ በስሙ መብራት ኃይል ይባል እንጂ መብራቱ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል፤ ኃይሉን ግን እስካሁን አላየነውም። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። መብራት በጠፋ ቁጥር የእኔም ገቢ አብሮ ይጠፋል።

ሥራዬ ሐኪሞች በስልካቸው ቀድተው የሚልኩትን ድምፅ እየሰማሁ ደብዳቤ አድርጎ መጻፍ ነው። አንድ ሰው ታክሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን እንደነበረበት፣ ምን እንደተደረገለትና የትኛውን መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደሚወስድ የሚገልጽ ወረቀት ይሰጠዋል። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ለመጻፍ ጊዜ የለውም። ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ እያደረገ ለስልኩ ይነግረዋል፤ ድምፁ ወደ አንድ ድርጅት ይሄዳል፤ ድርጅቱ ደግሞ እንደ እኔ ቤታቸው ለተቀመጡ ሴቶች ያከፋፍለዋል። እኔ ሰምቼ፣ አማርኛውን ተርጉሜ፣ ሁሉንም ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ጽፌ በሁለት ሰዓት ውስጥ እመልሳለሁ። ክሊኒኩ የትኛው እንደሆነ አይነገረኝም። በሽተኛውም ለእኔ ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ደብዳቤውን እንደላክሁ ድምፁ ከኮምፒውተሬ ላይ ይጠፋል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

የሚከፈለኝ በድምፅ ደቂቃ ነው። ለአንድ ደቂቃ ዘጠኝ ብር። ይህን የሰማ ሁሉ «በደቂቃ ዘጠኝ ብር! በሰዓት ስንት ሊመጣ ነው!» ብሎ ይቀናብኛል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ሐኪሙ በአንድ ደቂቃ የሚያወራው እኔን ስድስት ደቂቃ ያስለፋኛል፤ እያላመጠ የሚያወራ ከሆነ ደግሞ አሥር። ኮምፒውተሩ የራሴ፣ ኢንተርኔቱ የራሴ፣ ማዳመጫው የራሴ፣ የወገብ ሕመሙም የራሴ ነው። ስለ ሰው ወገብ ስጽፍ የምውል ሴት ለገዛ ወገቤ ሐኪም ቤት የሄድኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያኔም ወረፋው ረዝሞብኝ ፋይል እንዳያልፈኝ ጥዬ ተመለስኩ። ልጄን ከመውለዴ በፊት አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ወሩ ሲሞላ ይመጣ ነበር፤ ስታመምም ይመጣ ነበር። የአሁኑ ሥራ ግን ካልጻፍኩ የለም።

ከሁሉ የሚያስመርረኝ ግን ባዶ የምንለው ነገር ነው። አንድ ቃል ካልተሰማሽ አትገምቺ፤ ቦታውን ባዶ ትተሽ ምልክት አድርጊበት፣ ሐኪሙ ራሱ ይሞላዋል። ሥልጠና ላይ የተነገረን ይህ ነው፤ ደግሞም ትክክል ነው። ከሥልጠናው በኋላ በመጣው የክፍያ ደንብ ላይ ግን ሌላ ነገር ተጽፏል፦ ከሦስት በላይ ባዶ ያለበት ደብዳቤ የሚከፈለው በግማሽ ነው። በአንድ እጃቸው አትገምቺ ይሉሻል፣ በሌላው ኪስሽ ይገባሉ። አንዷ ባልደረባችን በቡድናችን የስልክ መልእክት ላይ ይህን አንስታ ብትጠይቅ «ኮምፒውተሩ ራሱ መጻፍ እየተማረ ነው፤ የማይመቸው ካለ ይንገረን» የሚል መልስ መጣላት። ከዚያ ወዲህ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ እኔም ጭምር።

ባዶ የሚፈጠረው ደግሞ በሐኪሙ ብቻ አይደለም። ክረምት ላይ የቤቴ ቆርቆሮ ዝናቡን ተቀብሎ ሲያንጎደጉድ የራሴን ሐሳብ እንኳ አልሰማም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን አልጋ ላይ አድርጌ ወፍራም ብርድ ልብስ ከላይ ተከናንቤ እሠራለሁ። እየሰማሁ ቃሉን በአፌ የመድገም ልማድም አለብኝ። አከራዬ፣ ከስልጤ የመጡ፣ መካኒሳ ሱቅ ያላቸው ትልቅ ሴት፣ አንድ ቀን በመስኮት አይተውኝ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ሳጉተመትም ለካ እየጸለየች ነው ብለው ኖሯል። በነጋታው «የኔ ልጅ፣ ጴንጤ መሆንሽን አውቃለሁ፣ እንዲህ የበረታሽ ግን አልመሰለኝም ነበር። በይ ለእኔም ዱዓ አድርጊልኝ» አሉኝ። እውነቱን ብነግራቸው ጸሎተኛ መሆኔ ስለሚቀርብኝ አሜን ብዬ አለፍኩ።

ያ ዓርብ ከሰዓት የመጣው ፋይል የአንዲት አሮጊት ነበር። ልባቸው ደክሞ ተኝተው ታክመው፣ ተሽሏቸው ልጃቸው ዘንድ ወደ ገጠር ሊመለሱ ነው። ሐኪሙ መኪና እየነዳ ነው የሚያወራው። ሀይሌ ጋርመንት መስቀለኛው ጋ መሆኑን ያወቅሁት ከጎኑ ያለ የታክሲ ረዳት እየተጣራ ስለነበር ነው። ክላክስ፣ የረዳት ጩኸት፣ በመካከሉ ደግሞ ሐኪሙ ራሱ አንዱን ሹፌር ይሳደባል። ደብዳቤው መካከል ሳልደርስ ሦስት ባዶ ተውኩ። ከዚያ የመጨረሻው መድኃኒት ላይ ደረስኩ። «ዲጎክሲን» አለ፤ ይህ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። «አንድ ፍሬ» አለ፤ ይህም ተሰማኝ። ቀጥሎ ክላክሱ ጮኸና ከሥሩ የወጣው «ስድስት ሰዓት» የሚለው ብቻ ነው።

በስድስት ሰዓት ይሁን በየስድስት ሰዓቱ አይታወቅም። አማርኛ ለሚያውቅ የልዩነቱን መጠን ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንዱ እኩለ ቀን ላይ አንዴ ነው፤ ሌላው በቀን አራት ጊዜ ነው። በመካከላቸው ያለችው አንዲት «የ» ናት፣ መጨረሻ ላይም አንዲት «ኡ»፣ እሷንም ሐኪሙ ውጧታል። አሥራ አንድ ጊዜ መልሼ ሰማሁት። ብርድ ልብሱን አጥብቄ ተከናነብኩ፣ ድምፁን ከፍ አደረግሁ፣ ዝግ አደረግሁ። አንዴ «የ» ያለ ይመስለኛል፣ ሌላ ጊዜ የክላክሱ ጅራት ነው እላለሁ። ከሁለቱ ሰዓት የቀረኝ ሩብ ሰዓት ነበር፣ ዝናቡም እየመጣ ነው። አራተኛ ባዶ ብተው የፋይሉ ግማሽ ሊሄድብኝ ነው። በየስድስት ሰዓቱ የሚለውን ደግሞ በሌሎች ደብዳቤዎች ላይ መቶ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ጣቶቼ ለምደውታል። ጻፍኩት። ላክሁት። ድምፁም ጠፋ።

ተጸጽቼ እንዳልተኛሁ ብናገር ደስ ባለኝ። ግን ተኛሁ፣ ያውም ጥሩ እንቅልፍ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አከራዬ ከግቢው ጠሩኝ። በርበሬ ሲቀነጥሱ ነው የደረስኩት።

«ነይማ የኔ ልጅ፣ እጄ በርበሬ ነክቷል፤ ኪኒኔን አውጪልኝና አፌ ላይ አድርጊልኝ» አሉኝ።

«እሺ እትዬ» ብዬ ካርቶኑን አነሳሁ። ዲጎክሲን ይላል። እትዬ የልብ በሽታ እንዳለባቸው እንኳ አላውቅም ነበር። አንዷን አወጣሁና ሁለተኛዋን ልፈልቅቅ ስል እትዬ ጮኹ።

«ተይ ተይ! አንድ ብቻ ነው! በቀን አንዴ፣ በዚህ ሰዓት። ሐኪሙ ‹ከዚህ ካለፍሽ ልብሽን ራሱ ያቆመዋል› ብሎ አስምሎኛል።»

ኪኒኗን አፋቸው ላይ አደረግሁላቸው፣ ውኃውን አጠጣኋቸው። ፊቴን ሳዞርባቸው «ምነው፣ በርበሬው አስነጠሰሽ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ቤቴ ገብቼ ስልኬን ያዝኩ፣ ግን ወዲያው አልደወልኩም። ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። ስህተት የሠራ ሰው የፋይሉ ክፍያ ይቀርበታል፣ ለአንድ ወርም ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ደንቡን በቃሌ አውቀዋለሁ። አንድ ወር ያለ ፋይል ማለት የቤት ኪራይ የለም ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ‹ምናልባት የጻፍኩት ልክ ይሆናል› አልኩ፤ ‹ምናልባት የአሮጊቷ በሽታ ከእትዬ ይለያል› አልኩ። ሰው ለራሱ ሲሆን ምናልባት አያልቅበትም። በመጨረሻ የተነሳሁት አንዲት የማላውቃት ሴት ኪኒን ይዛ ወደ እናቷ አፍ ስትጠጋ ስለታየኝ ነው። ልክ እኔ አሁን ለእትዬ እንዳደረግሁት።

ለድርጅቱ ተቆጣጣሪያችን ደወልኩላት። በአካል አይቻት አላውቅም፤ ድምፅዋን ብቻ ነው የማውቀው። ቢሮ ውስጥ በሚዞር ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጥፍሯን ቀብታ ነው ሁልጊዜ የምትታየኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«ዛሬ የክሊኒኩ ደብዳቤ ክፍል ከስድስት ሰዓት በኋላ ዝግ ነው» አለችኝ። «ሰኞ ጠዋት እደውላለሁ። ደግሞ ሐኪሙ አንብቦ ነው የሚፈርመው፣ አትጨነቂ።»

«ሲያነቡማ አውቃለሁ!» አልኳት። አንድ ጊዜ የአንድ ሽማግሌ ደብዳቤ ላይ ከዳር እስከ ዳር «እሷ» እያልኩ ጽፌ፣ እንዳለ ተፈርሞ መሄዱን ስቃ የነገረችኝ ራሷ ናት።

«ክሊኒኩ የት እንደሆነ ንገሪኝ፣ በእግሬም ቢሆን ሄጄ እጠይቃለሁ» አልኳት።

«እሱን መናገር አልችልም እህቴ። ሰኞ» አለች።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን ግን የምለቅምበትን ቦታ እንኳ አላውቀውም። እስከ ሰኞ ሰዓት ስቆጥር ቆየሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ቀን ስድስት፣ ማታ አሥራ ሁለት፣ ሌሊት ስድስት። ከዓርብ ማታ ጀምሬ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ኪኒን ጨመርኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መሪው ስለ ታመሙት እንጸልይ ሲል ጉባኤው በአንድ ድምፅ ተነሣ፤ እኔ ግን አፌን ለመክፈት አፈርኩ። በገዛ እጄ የሠራሁትን ነገር በጸሎት ለእግዚአብሔር ማሸጋገር መሰለኝ። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ስምንተኛዋን ኪኒን ቆጠርኩ። ልጄ «እማዬ፣ ምን ትቆጥሪያለሽ?» አለችኝ፤ በጣቴ እየቆጠርኩ ኖሯል።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ፋይል መጣልኝ፣ አንዱንም አልከፈትኩም። አምስት ሰዓት አካባቢ ተቆጣጣሪዋ ደወለች። ከአነጋገሯ ምንም መለየት አልቻልኩም።

«ሐኪሙ በቀን አንዴ ነው ያለው» አለች። «እኩለ ቀን ላይ።»

«አሮጊቷስ?» አልኳት።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። የክሊኒኩ ነርስ ለአሮጊቷ ልጅ ደወለችላት። ደህና ናቸው፣ ትናንት ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ነበር አለች። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማን ያነብልኛል ብላ ከራጁ ጋር ፌስታል ውስጥ ከታዋለች። መድኃኒቱን የምትሰጠው የፋርማሲዋ ልጅ የሐኪሙን ማዘዣ አይታ እንዳሳየቻት ነው።»

«ፋርማሲዋ ምን አለቻት?»

«ምንም አላለቻት። ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ አንድ ፀሐይ ሥላላታለች። አናት ላይ ያለች ፀሐይ። በእሷ እየሰጠች ነው።»

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፤ ደጋግሜ አልኩት። አለቀስኩ። ያቺን የፋርማሲ ልጅ ባገኛት እግሯን እስም ነበር። ከዚያ ተቆጣጣሪዋ ስለ ሥራው ነገረችኝ፤ እርማቱን ዛሬውኑ ጽፌ እንድልክ፣ እሱ እንደማይከፈል፣ የዓርቡም ፋይል እንደማይከፈል፣ ከነገ ጀምሮ ለአንድ ወር ከዝርዝሩ እንደወጣሁ። ሁሉንም እሺ አልኩ። የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም፤ ሰው ልገድል ነበር።

ስልኩን ልዘጋ ስል ግን ንዴቱ መጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። አራት ዓመት ሙሉ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ለአንዲት ፊደል አሥራ አንድ ጊዜ እየሰማሁ የጻፍኩትን ሁሉ አሰብኩ። ሐኪሙ ሳያነብ ይፈርመዋል፣ ልጅየዋ ፌስታል ውስጥ ትከተዋለች።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት። «ማንም የማያነበው ከሆነ፣ ለባዶው የምትቆርጡብኝ ምን ሆናችሁ ነው?»

ከመመለሷ በፊት ከጀርባዋ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው «ቁራሌው!» ሲል ሰማሁ፣ በቅርብ፣ ከአጥር ውጭ ያለ ያህል። ቀጥሎ አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ «መጣሁ፣ መጣሁ» ስትል በእጇ ስልኩን ጋረደችው።

«ቤትሽ ነሽ እንዴ?» አልኳት።

«የት ልሆን ኖሯል?» አለችኝ። ሕፃኑን ስታነሳው ተሰማኝ። «አንቺ ባዶ በተውሽ ቁጥር ከእኔም ይቆርጣሉ።»