ከድንጋዩ ወዲያ ያለችው ሴት

የልጅ ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት ትመጣ ነበር። እናቷ እዚህ እስራኤል፣ ቤርሼቫ ከተማ፣ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የምትሠራው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ልጅቷ ባዶ ቤት ከምትገባ ሽኩና ቫቭ በሚባለው ሰፈር እኛ ዘንድ ምሳዋን ብትበላ ይሻላል ተባብለን ነው። እኔም ያን ጊዜ ጡረታ ወጥቻለሁ። እዚያው ኤመቅ ሳራ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስጭንና ሳወርድ ኖሬ፣ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ «በቃህ» አሉኝ፤ እኔም በቃኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር ወንበሬን ከበረንዳ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ ማዛወር ሆነ።

ልጅቷ በልታ ስትጨርስ ሳህኗን ታነሣና መጻሕፍቷን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትዘረግፋለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አያታለሁ። ከፊደል አልፌ ብዙ አልሄድኩም፤ ፊደሉንም በልጅነቴ ያስቆጠሩኝ የመንደራችን ቄስ ናቸው። ዕብራይስጡን እዚህ መጥቼ ጎልምሼ ነው የለቃቀምኩት። እንግሊዝኛ ጭራሽ አልደረሰብኝም። ሰው ሲያነብ ማየት ግን ደስ ይለኛል። ዓይኑ ሲሄድ፣ ግንባሩ ሲቋጠር፣ ደግሞ ሲፈታ ታያለህ፤ የሆነ አገር ሄዶ እንደሚመለስ ሰው ነው።

አንድ ቀን ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ምሳዋንም እንደነገሩ ነካካችው። ለእንግሊዝኛ ትምህርት ወፍራም ልብ ወለድ እያነበቡ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ጥቁር ትልቅ ቤት ተስሎበታል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ጎቲክ ይሉታል አለችኝ። ምንድነው ብላት፣ አሮጌ ቤት፣ ዝናብ፣ የተደበቀ ነገርና ፍርሃት ያለበት ነው አለች። አስተማሪዋ ተማሪዎቹ መጽሐፉን ሲያነቡ ምን እንደተሰማቸው በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ አዛለች። የልጅ ልጄም ጽፋ ሰጠች። አስተማሪዋ እንደገና ጻፊው ብላ መልሳላታለች።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። በዚህ አገር ልጆቹ ትምህርት ሲጨርሱ የሚፈተኑት ባግሩት የሚባል ፈተና አለ፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ደረጃ ደረጃ አለው። ከላይኛው ቡድን የሆነ ልጅ የዩኒቨርሲቲው በር ይቀለዋል፤ ወደ ታችኛው የወረደ ብዙ መልፋት አለበት። ልጄ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ከትንሽነቷ ጀምሮ የኔን ጉልበት የምታሽ እሷ ናት። አስተማሪዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ሁለተኛው ጽሑፍ ካልተሻለ ከፋሲካ በኋላ ወደ ታችኛው ቡድን ትወርጃለሽ ብላታለች።

እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልሳለች። እንዲሁ ነው የምንግባባው። እዚህ የምነግራችሁም እኔ ወደ አማርኛ የመለስኩትን ነው።

«ምን ጎደለው አለችሽ?» አልኳት።

«ያንቺን አላየሁም አለችኝ፣ አባባ። የጻፍሽው መጽሐፉ ያለውን ነው አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ምንም። ሁሉም ፈራን ብለው ጻፉ፤ እኔም ፈራሁ ብዬ ጻፍኩ። አልፈራሁም እኮ።»

እስቲ ታሪኩን ንገሪኝ አልኳት። የምረዳት መስሎኝ አይደለም፤ ሰው የከበደውን ነገር ለሌላ ሲያወራው ይቀለዋል ብዬ ነው። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሁለት ገጽ ታነብና፣ የማታውቀውን ቃል በስልኳ ትፈልግና፣ ትነግረኝ ጀመር። አንዲት ወጣት ሙሽራ ባሕር ዳርቻ ወዳለ ትልቅ የድንጋይ ቤት ትገባለች። ባልየው ደግ ነው፣ ግን አይናገርም። ዝናቡ አያባራም። ዝናብ በረከት ነው፣ ቤርሼቫ ላይ ቢዘንብ ማን ይጠላ ነበር ብላት፣ «አባባ፣ እዚያ ዝናብ የሚያስፈራ ነገር ነው» ብላ ተቆጣችኝ። እሺ ብዬ ፈራሁ።

ከአትክልቱ ማዶ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቤት አለች፤ ዙሪያዋን ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ ከቧታል። በየዕለቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዲት አሮጊት አገልጋይ ምግብ ይዛ ትሄድና ካቡ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። ወደ ውስጥ አትገባም፤ ከውስጥ የሚወጣ ዕቃም አትነካም። በነጋታው ሳህኑ ባዶውን ይገኛል። ሙሽራዋ ማን ነው እዚያ ያለው ብላ ስትጠይቅ ሁሉም ዝም። በኋላ ነው የባልየው እህት መሆኗን የሰማችው።

ልጄ እዚህ ላይ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች። እንድፈራ እየጠበቀችኝ ነው።

«ታዲያ ምን ያስፈራል?» አልኳት። «አራስ ናት።»

«ምን?»

«ወልዳለች ነው የምልሽ። ምግቡን ድንጋዩ ላይ ካስቀመጡላት፣ ካልነኳት፣ አራስ ጎጆ ናት ማለት ነው። ቀኗ ሲሞላ ትመለሳለች።»

ልጅቷ ግንባሯን መጽሐፉ ላይ ደፍታ ሳቀች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ባለቤቴ ከሳሎን ምንድነው ብላ መጣች። ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች፣ ስለ ሙሽራዋ፣ ስለ ካቡ፣ እኔም ስላልኩት ነገር ነገረቻት። ባለቤቴ ቆማ በጥሞና ሰማችና፣

«ወንድ ነው ሴት የወለደችው?» አለች።

«እማማ!»

«መጽሐፉ አይልም?»

«አይልም።»

«እንዴት አይልም? ቀኗ በምን ይታወቃል ታዲያ?» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

የዛሬ ልጆች ስለማያውቁት እዚህ ላይ ላስረዳ። ጎንደር በነበርንበት ጊዜ በኛ በቤተ እስራኤል መንደር ከቤቶቹ ራቅ ብላ አንዲት ጎጆ ትሠራ ነበር። ሴት በወሯ ጊዜ የመርገም ጎጆ ትገባለች፤ የወለደች ደግሞ አራስ ጎጆ። በጎጆዋ ዙሪያ ድንጋይ ይደረደራል፤ ከድንጋዩ ወዲያ ማንም አይዘልቅም። ምግቧን ዘመድ ድንጋዩ ዘንድ ያቀርብላታል። ወንድ የወለደች ቀኗ ያጥራል፣ ሴት የወለደች እጥፍ ይሆናል፤ ኦሪት እንደሚያዘው ነው። ቀኗ ሲሞላ ወንዝ ወርዳ ገላዋንም ልብሷንም አጥባ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆይታ ወደ ቤቷ ትገባለች። እዚህ አገር ከመጣን በኋላ ቀረ። አራተኛ ፎቅ ላይ ድንጋዩን የት ትደረድረዋለህ? ልጆቻችንም ሲጠይቁ ብዙ አንነግራቸውም ነበር። ሌላው ሰው ሰምቶ ምን ይለን ይሆን እያልን ዝም አልን።

ልጄ መሳቋን ትታ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው ብላ ጠየቀችኝ። ይኼ የሴቶች ጉዳይ ነው፣ አያትሽን ጠይቂ አልኳት። ባለቤቴም ስትጠየቅ ደስ አላት መሰለኝ። ብቻ መሆን የለም አለቻት። ሁለት ሦስት ሴት አንድ ላይ ይገጣጠማል፤ ጥጥ ይፈተላል፣ ሰፌድ ይሰፋል፣ ባል ይታማል።

«በሕይወቴ ያረፍኩት እዚያ ነው» አለቻት። «የመጨረሻውን ልጄን እዚህ ወልጄ ከሆስፒታል በወጣሁ ማግስት ላያትሽ ወጥ ሠርቻለሁ።» እኔን አየችኝ። ወጡ ጥሩ ነበር አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ደግሞ፣ «ውሸት አልነግርሽም» አለች። «በክረምት ጣሪያው ያፈሳል። ልጄን አቅፌ ከጥግ ጥግ ስዞር ያለቀስኩበት ጊዜም አለ።»

ይኼን እኔም አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት አብረን ኖረን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

እኔም የራሴን ነገርኳቸው። እናቴ ታናሽ እህቴን ስትወልድ እኔ ገና ትንሽ ነበርኩ። አክስቴ ምግብ ይዛ ስትሄድ ቀሚሷን ይዤ እከተላለሁ። እናቴ ከጎጆው ደጃፍ ትቀመጣለች፣ እኔ ከድንጋዩ ወዲህ እቀመጣለሁ። አንድ ጊዜ እግሬን ላሻግር ስል «እዚያው!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ አሳዘንኳት መሰለኝ ተረት ታወራልኝ ጀመር፤ እሷ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ። መቼ ነው የምትመጣው እያልኩ አክስቴን ሳደክማት፣ ጨረቃዋን እያሳየች፣ እንዲህ ስትጎድል፣ እንዲያ ስትሞላ ትለኛለች። የምትመለስበት ቀን ቤቱ ተጠርጎ፣ ጠላው ተጠምቆ ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ። እኔ የወንዙ መንገድ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ፀሐይ ስትጠልቅ ፀጉሯን ተላጭታ ብቅ ስትል አላወቅኳትም። ስሜን ስትጠራኝ ነው ሮጬ እግሯ ላይ የተጠመጠምኩት።

ልጄ እርሳሷን እያዞረች ቆየች። ይኼን ጻፊው አላልኳትም፤ በራሷ ነው የመጣላት። ግን ወዲያው ፊቷ ተመልሶ ጨለመ።

«ብጽፈው ይስቁብኛል፣ አባባ። ጽሑፉን ክፍል ውስጥ ቆመን ነው የምናነበው። አገራችሁ ቤቱ በር ነበረው ወይ ብላ የጠየቀችኝ ልጅ አለች። ይኼንማ ስትሰማ፣ ሴቶቻችሁን ታባርሩ ነበር ነው የምትለኝ።»

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ በምን አፌ ልምከራት? የሚስቅ ሰው እኔም አላስቆምም አልኳት። ግን መጀመሪያ መጽሐፉን ጨርሺው፣ ሴትዮዋ ምን እንደሆነች እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ አልኳት። እውነቴን ነበር። ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ያቺን ሴት አስባት ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጨርሳ መጣች፤ ቦርሳዋን ሳታወርድ ነገረችኝ። ሙሽራዋ በመጨረሻ ካቡን ተሻግራ በሩን ከፈተችው። ውስጥ ማንም የለም። የባልየው እህት ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፤ እዚያ ያስቀመጧት ቤተሰቡን አሳፈረች ብለው ነው። አሮጊቷ አገልጋይ ብቻ የእህቲቱን መሞት ልቧ አልቀበል ብሎ ምግቡን ማመላለስ አልተወችም። ሳህኑን ባዶ ያደረጉት ወፎች ናቸው።

በረንዳው ላይ ተቀመጥን።

«ማን ጠበቃት ታዲያ?» አልኳት።

«ማንም፣ አባባ።»

«ትመለሳለች ብሎ የቆመ የለም?»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባችና መጻፍ ጀመረች። ያን ሳምንት ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው አላስጠጋሁም። ባለቤቴን ግን ልጅቷ በየመሀሉ ትጠራት ነበር፤ ድንጋዩ ምን ያህል ቁመት ነበረው፣ ጣሪያው በምን ይከደናል፣ ስታለቅሺ አብሮሽ ማን ነበር።

ስትጨርስ በእንግሊዝኛ አነበበችልን። ሁለታችንም የቤተ መጻሕፍት ሰው መስለን ቀጥ ብለን ሰማን። ከመሀሉ ጎጆ የሚለውን ቃል እንዳለ አስቀምጣዋለች፤ እሱ በመጣ ቁጥር ባለቤቴ በክርኗ ትጎሽመኛለች። ከዚያ ትርጉሙን ነገረችን። አያቴ ይኼን መጽሐፍ ሲሰማ አልፈራም፣ ሴትዮዋ ትመለሳለች ብሎ ስላሰበ ነው ይላል። እኔ በሴት አያቴ ጎጆ መኖር አልፈልግም፣ እሷም አልቅሳበታለች ይላል። ግን የኛ ድንጋይ የመመለሻ ቀን ነበረው፣ መንገድ ላይ የሚጠብቅም ነበር፤ በመጽሐፉ ውስጥ እኔን ያስፈራኝ ዝናቡና ጨለማው ሳይሆን ቀን የሌለው ድንጋይ ነው ይላል።

ባለቤቴ ስለ ማልቀሱ ትቆጣለች ብዬ ነበር። «እውነቷን ነው» ብቻ አለች።

በምታነብበት ቀን ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ኮፍያዬን አድርጌ ቀስ እያልኩ እስከ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። ከዚያ በፊት ሄጄ አላውቅም። የበሩ ጥበቃ «ሳባ፣ ስንተኛ ክፍል ያለ ልጅ ነው የምትጠብቀው?» አለኝ፤ ሳባ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። አሥራ አንደኛ ስለው ሳቀ፤ ግን የራሱን የፕላስቲክ ወንበር አጥሩ ጥላ ሥር አደረገልኝ።

ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ሲጎርፉ አየችኝ። መጀመሪያ አፈረች፤ ጓደኞቿን አየት አደረገች። ከዚያ በበሩ በኩል ከመዞር ይልቅ በቀጥታ ወደ አጥሩ መጣችና ብረቱን ይዛ ቆመች።

«ሳቁ?» አልኳት።

«አንዷ ሳቀች። ያቺ የነገርኩህ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «በኋላ ግን እጇን አውጥታ፣ አራሷ ከጎጆ ስትመለስ ምን ይበላ ነበር ብላ ጠየቀች። አላውቅም አልኳት። አያትሽን ጠይቂልኝ አለችኝ።»

«አስተማሪዋስ?»

«እዚያው ነሽ አለችኝ፣ አባባ። አልወርድም።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። በይ ነይ ውጪ ያልኳት ይመስለኛል። እሷ በበሩ ዞራ እስክትመጣ ወንበሩን ለጥበቃው መልሼ አመሰገንኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ቦርሳዋን አልሰጥህም አለችኝ፤ ጉልበትህ አለች። ሕንፃችን ሥር ስንደርስ ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም፤ የታጠበ ልብስ የምትሰበስብ መስላለች፣ ገመዱ ግን ባዶ ነው።

«እህ፣ ምን ሆነ?» አለች ወደ ታች።

ልጅቷ ቀና ብላ፣ ለአያቷ ሁልጊዜ በዕብራይስጥ የምትመልሰው ልጅ፣ በአማርኛ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣

«ተመልሻለሁ፣ እማማ» አለቻት። «ምሳ አለ?»