ብሎን ወይስ ብየዳ፦ ከፌርፋክስ ወደ እትዬ ዘነበች ግቢ

እሑድ ጠዋት አበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ ሰፈር የተነሣነው መኪና ልናስበይድ ነው። ለብየዳ ተብሎ በረሃ ድረስ ይኬዳል ወይ የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። የጓደኛዬ የኑሩ ልጅ ሐዋ በሚቀጥለው ቅዳሜ ታገባለች። ሙሽራዋን የምናጅባት ደግሞ እኔና አባቷ በጋራ ገዝተን ለዓመታት ስንፈታውና ስንገጥመው በኖርነው ባለ ሁለት በር አሮጌ መኪና ነው። እዚህ አገር «መስል ካር» ከሚሏቸው፣ ሞተራቸው ከአካላቸው ከሚከብድ የስልሳዎቹ መኪኖች አንዱ ነው።

እንዲህ ያለው መኪና ከፊትና ከኋላ ጠንካራ ብረት አለው፤ መሐሉ ግን ላሜራ ብቻ ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ገላውን ይጠመዝዘዋል። መድኃኒቱ የፊቱንና የኋላውን ብረት ከሥር በወፍራም ቱቦ ማያያዝ ነው፤ ወይ በብሎን ይታሰራል፣ ወይ ይበየዳል። ኑሩ የብሎን ሰው ነው። ሚድ ሲቲ ከሚኖርበት አፓርታማ ጓሮ በጀርባው ተኝቶ ራሱ አስሮታል። «ብሎን ብትሳሳት ትፈታዋለህ፤ ብየዳ ግን ፍቺ የለውም» ይላል። እኔ ደግሞ ሰሞኑን ከወለሉ ሥር የሚሰማው ማንኳኳት አላምርህ ብሎኝ ነበር። ተሟገትን። በመጨረሻ ሎንግ ቢች ወደብ መርከብ ሲበይዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ በረሃ የገቡ እትዬ ዘነበች የሚባሉ አንዲት አበሻ እናት አሉ ሲባል «እሳቸው ይዩትና ይፍረዱ» ተባባልን።

ዳገቱ ላይ

ፒኮ መንገድ ላይ ቤንዚን ሞልተን ወደ ምሥራቅ ወጣን። ሰማዩ አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ወደ በረሃው የሚያሻግረውን ዳገት ስንጀምር ማንኳኳቱ መጣ። ኑሩ ሬዲዮውን አጠፋ።

«ብሎን ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

«ብሎን እንዲህ ቆም እያለ ያንኳኳል?»

 መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ በእሱ በኩል ያለው በር ተከፈተ። ተበርግዶ አይደለም። ከውስጥ ያለ ሰው ሊወርድ ሲል እንደሚከፍተው፣ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ኑሩ በሩን ተደግፎ ስለነበር ግማሽ አካሉ ወጣ። የያዘው የወንበሩ የወገብ ቀበቶ ብቻ ነበር። በአንድ እጄ መሪውን፣ በሌላው የጃኬቱን ኮሌታ ያዝኩ።

«ስሎው አድርግ! ዳዊት፣ በአላህ ስሎው አድርግ!»

ዳር ይዤ ቆምኩ። የጭነት መኪኖች እያጓሩ ያልፉናል። ኑሩ ወርዶ በሩን ዘጋው፤ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ደግሞ ከፈተው፣ ደግሞ ዘጋው። ምንም አልሆነም።

«ቆልፌው ነበርኮ» አለ። ወንበሩን በእጁ እየነካ፣ «ሐዋ የምትቀመጠው እዚህ ወንበር ላይ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ፊት አልቀመጥም ብሎ ኋላ ገባ። አጠገቤ ባዶ ወንበር ይዤ ነዳሁ። ዳገቱ አልቆ ሜዳ ላይ ስንወጣ እንኳ ከዚያ ወንበር ሥር ማንኳኳቱ አልተወንም። ነዳጅ ማደያ ቆመን እንቁላል በዳቦና በአራት አራት ዶላር ቡና ገዛን። ኑሩ ቡናውን እጁ ላይ አቀዝቅዞ ደፋው።

ግቢው

በረሃው ውስጥ ካለችው ከባርስቶው ከተማ ትንሽ አልፈን አስፋልቱ አለቀ። ግራና ቀኝ ጣሪያቸው የወረደ ባዶ ቤቶች ነበሩ። ነፋስ የለም፣ ውሻ አይጮህም። እትዬ ዘነበች ሻሻቸውን አስረው፣ የቆዳ ሽርጥ ታጥቀው በር ላይ ጠበቁን። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ግን ክንዳቸው የጎልማሳ የሚመስል ሴት ናቸው። እጃቸው ሲጨብጥ ያማል።

ግቢው መሐል የእኛ መኪና መንትያ ቆሟል፤ ቀለሙ ብቻ ሰማያዊ ነው። ኑሩ ዓይኑን ማመን አቅቶት እጀታውን ሳብ አደረገው።

«አትልፋ ልጄ፣ አይከፈትም» አሉት። «የባለቤቴ ነው። ሎንግ ቢች ሥራ ላይ ሆኜ፣ ስመጣ እበይድልሃለሁ ብዬው ነበር። አልጠበቀኝም። ፊቱንና ኋላውን በክሪክ አንጠልጥሎ፣ መሐሉ እንደረገበ በየደው። ሲያወርደው ሁለቱም በር ነክሶ ቀረ። እሱ ምን ቸገረው፣ በመስኮት እየገባ ይነዳው ነበር።»

«አሁንስ የት ናቸው?» አልኩ።

«ውስጡ እንደተቀመጠ አንድ ምሽት ልቡ ቆመ። ከጎረቤት ጋር ሆነን ብንታገል በሩ እምቢ አለን። በመስኮት ነው ያወጣነው።»

ይህን ብለው የእኛን መኪና ሊያዩ ሄዱ። በአራት ጎማው ብረት መወጣጫ ላይ አስቆሙትና ከሥሩ ገቡ። ሲወጡ ኑሩን ትከሻውን ያዙት።

«ያንተ ብሎን ጥፋት የለበትም፤ አጥብቀህ አስረሃል። ላሜራው ግን ስስ ነው። መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ቀዳዳው ሰፍቶ እንቁላል መስሏል። ብሎኑ ውስጡ ይዋኛል። ገላው ሲጣመምም በሩ ከመቆለፊያው ይወጣል።»

«ሶ፣ ብየዳ ይሻላል እያሉኝ ነው?»

«ላሜራው ደህና ቢሆን ብሎንህ ይበቃህ ነበር። ብየዳ ደግሞ የሚይዘው የቆመበትን ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ቀጥ አድርጎ፣ ከተጣመመ አጣሞ ይይዘዋል። ያንን አይተሃል አይደል?» ወደ ሰማያዊው በአገጫቸው ጠቆሙ።

ኑሩ መኪናችንን እየዞረ ብዙ ቆየ። ለቅዳሜ ሌላ መኪና ልንከራይ እንደምንችል ልነግረው አስቤ ተውኩት። በመጨረሻ፣ «ኦኬ። ይበየድ» አለ።

ብየዳው

ምንጣፉን ገፍፈን፣ ወንበሮቹን አውጥተን፣ ባትሪውን ነቀልን። እትዬ ዘነበች በበሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በጣታቸው እየዳሰሱ ገላው ቀጥ እንዲል አንዱ ጎማ ሥር ስስ ብረት ጨመሩ። ነጥብ ነጥብ እያደረጉ ሲበይዱ በሩን ክፈቱ፣ ዝጉ ይሉናል፤ ሲስማማቸው ይቀጥላሉ።

«አሁን ዓይናችሁን አዙሩ» አሉን።

ጀርባችንን ስንሰጥ ፊት ለፊታችን ሰማያዊው መኪና ነበር። ብየዳው ብልጭ ባለ ቁጥር መስታወቱ ይነጣል፣ ውስጡም ይታያል። የሾፌሩ ወንበር መሐሉ ጎድጉዷል፤ አሁን ሰው የተነሣበት ይመስላል። ላለማየት ብሞክርም ዓይኔ እምቢ አለኝ። ኑሩ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ላይ ነበር።

ሊመሻሽ ሲል ብየዳው ቆመ። ከዚያ ዝምታ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ወጣ። የሰማያዊው መኪና በር፣ ኑሩ ስቦ ያቃተው በር፣ ቀስ ብሎ አንድ ክንድ ያህል ተከፈተ።

ኑሩ ክንዴን ጨመደደኝ። እትዬ ዘነበች ጭንብላቸውን ወደ ላይ ገፍተው ወጡ።

«አትደንግጡ። ብረት ቀን ሞቆ ማታ ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቃል። ማታ ማታ እንዲህ ነው።» ሄደው በዳሌያቸው ገፍተው ዘጉት፤ የጓዳ በር የሚዘጉ ይመስል ነበር።

«እርስዎ እንዲህ በያጅ ሆነው፣ ለምን ቆርጠው አያስተካክሉትም?» አልኳቸው።

«ልቆርጠው ከጅዬ አውቃለሁ» አሉ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

መመለስ

ኑሩ ፊት ተቀመጠ። ማንኳኳቱ ጭጭ አለ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ኩርባው ላይ ጋቢናው ንቅንቅ አላለም። ደስ ሊለኝ ሲገባ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ።

«ኑሩ፣ ዛሬ ፀሐይ ወጥታ ነበር እንዴ?»

 «ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነው» አለ።

«ታዲያ ምን ሞቆ ነው የቀዘቀዘው?»

 ቤት እስክንደርስ እጁን ከበሩ እጀታ ላይ አላነሣም።

አፓርታማው ጋ ፓርክ ስናደርግ ሐዋ ነጠላ ጫማ አጥልቃ እየሮጠች ወረደች። አባቷ ሲወርድ እሷ ገባችና በሩን በኃይል ዘጋችው። ቀጥላም በመስታወቱ ውስጥ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየን፦ «አባዬ፣ ክፈትልኝ።» እኔና ኑሩ ተያየን። ሁለታችንም ባለንበት ቆመን ቀረን። በመጨረሻ እሱ ሄዶ እጀታውን በሁለት ጣት ሳበው። ተከፈተ። ሐዋ እየሳቀች ወጣች፤ አባቷ ለምን አቅፎ እንደያዛት አልገባትም።

ብሎን ይሻላል ወይስ ብየዳ ለሚሉኝ ከዚህ ጉዞ ያመጣሁት ምክር አጭር ነው፦ መጀመሪያ ላሜራውን እዩ፤ ከዚያ መኪናውን በጎማው አቁሙና በሩን ክፈቱ፣ ዝጉ። ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ስለ እትዬ ዘነበች ግቢ ሲጠይቁኝ ግን፣ ብረት ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቃል ብዬ አልፋለሁ። ያን ቀን ፀሐይ እንዳልነበረች ይህን እስክጽፍ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም።