ጠርዙ ጥርስ ያለው ፎቶግራፍ

ያረፉት አጎቴ ፎቶግራፍ ሲሰጧቸው ቶሎ ፊቱን አያዩም ነበር። መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጠው ያያሉ፤ ቀጥሎ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ። «ይሄ ገበያ ላይ በባለ ሳጥኑ ካሜራ የተነሳ ነው፤ ያኛው የአዲስ አበባ ስቱዲዮ ነው» ይላሉ። መቼ እንደተነሳም ከዚያ ያውቃሉ።

በሕፃንነቷ የሞተችው ታላቅ እህቴ ናት ብላ እናቴ የምትስመው አንድ ፎቶግራፍ አለ። አንድ ቀን አሳየቻቸው። እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠውን ጠርዙን ደጋግመው ዳበሱ።

«እሷ ናት አይደል፣ ወንድሜ?»

«እሷ ናት፣ እህቴ። ደህና አድርገሽ ያዢው።»

ሲሄዱ እስከ በር ሸኘኋቸው። «እንዲህ ያለ ወረቀት ቡታጅራ የገባው እህትሽ ካረፈች በኋላ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሕፃኗ አንቺ ነሽ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ የእህትሽ ሌላ ፎቶ የላትም።»

አላህ ይዘንላቸው፣ አሁን ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ትናንት ልጄ ፎቶግራፉን አንስታ «ይቺ ማናት?» አለችኝ። እናቴ አጠገባችን ተቀምጣለች። ደንግጬ አጎቴ ሲመጡ ይቀመጡበት ወደነበረው በር ሥር ወዳለው በርጩማ ዞርኩ፤ ባዶ ነው። እንዳታጣጥፈው ከልጄ እጅ ተቀበልኩና ጠርዙን ዳበስኩት።

«አክስትሽ ናት» አልኳት።