የኔታ ለኢየሩሳሌም የያዙት ሲም

ንፋስ መውጫ፣ ከመናኸሪያው አጠገብ ባለች የሞባይል ጥገና ቤት ሥራ የጀመርሁ ቀን፣ አሠሪዬ አቶ ደምሴ አንድ የሞተ ስልክ ሰጡኝና ፈትቼ እንድገጥመው አዘዙኝ። ሦስት ጊዜ ገጠምሁት፤ ሦስት ጊዜም አንዲት ብሎን ተረፈችኝ። በአራተኛው ምንም አልተረፈም። አቶ ደምሴ ስልኩን አገላብጠው አዩና ነገም እንድመጣ ነገሩኝ። ቅጥሬ ይኸው ነበር።

በዚያ ቤት ሥራው በደረጃ ነው። መጀመሪያ በብሩሽ አቧራ ማጽዳት፣ ቀጥሎ ስክሪንና ድምፅ ማጉያ መቀየር፣ ከዚያ መበየጃ መያዝ። የመጨረሻው ደረጃ ደንበኛ ማማከር ነው። እኔ ቀላሉ እሱ ይመስለኝ ነበር።

ዳታ አገራችን ሲገባ የሰዉ ጥያቄ ተለወጠ። ስልኬ ተበላሸ የሚለው ቀነሰና ኢንተርኔት እንዳይቋረጥብኝ ምን ላድርግ የሚለው በዛ። አንድ ሰሊጥ ነጋዴ ይህንኑ ሲጠይቀኝ የወር ፓኬጅ ሞላሁለት። ለካስ በመተማ በኩል ሱዳን ሊሻገር ኖሯል። ፓኬጁ የሚሠራው አገር ውስጥ ብቻ ነውና ድንበሩን ሲያልፍ ዳታው ቆመ። ሲመለስ ወደ ሱቁ መጣ፤ አልተቆጣም።

“ድምፄ ሲጠፋባት እናቴን ሞተ ብላ ጥቁር ለብሳ አገኘኋት” ብሎኝ ወጣ።

ሳምንት ሙሉ ምግብ አልበላልሽ አለኝ። ከዚያ ወዲህ መንገደኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ወዴት እንደሚሄድ ሆነ።

የኔታ ልሳኑ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ ድጓ የሚያስተምሩ አዛውንት ናቸው። የፋሲካን በዓል ኢየሩሳሌም ሊያከብሩ ተነሥተዋል። ልጃቸው ውዴ ግን ነፍሰ ጡር ነበረች። ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባት ነበርና ለሆስፒታሉ እንድትቀርብ ከባሏ ከአለባቸው ጋር ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይተው ተቀምጠዋል።

“ልሂድ ብዬ ልቤ ከልጄ ጋር ቀረ” አሉኝ። “ድምፅዋ የማይጠፋብኝን ሲም ምረጪልኝ።”

አላውቅም አልኋቸው፤ አንድ ቀን እንዲሰጡኝም ለመንሁ። እስቴ ወዳለች፣ ባለፈው ዓመት ኢየሩሳሌም ደርሳ ወደ መጣች ሴት ደወልሁ። የአገር ቤቱ ሲም እዚያም እንደሚሠራ፣ ዳታው ግን ወዲያው እንደሚያልቅ ነገረችኝ። እዚያ ከሚሸጡት ሁለቱን ከጓደኞቿ ጋር ተካፍለው ሞክረዋቸዋል። አንደኛው ከተማ ውስጥ ፈጣን ነው፤ ወደ ዮርዳኖስ ሲወርዱ ግን ጠፍቷል። ሁለተኛው ቀርፋፋ ቢሆንም መንገድ ላይ አልከዳቸውም። ሁለተኛውን መረጥሁ። የየኔታ ስልክ ሁለት ሲም ይይዛል። የአገር ቤቱ ለጥሪ ባለበት እንዲቆይ፣ ዳታው ከአዲሱ እንዲሆን አስተካከልሁና እዚያ ሲደርሱ እንዲገዙት የኩባንያውን ስም በወረቀት ጻፍሁላቸው። የድምፅ መልእክት መላክና መክፈትንም ሦስት ጊዜ አለማመድኋቸው።

በሰሙነ ሕማማት አንድ ጠዋት አለባቸው እየሮጠ ሱቅ ገባ። ውዴ ሴት ልጅ ተገላግላለች። ለየኔታ እንድነግርለት ስልኩን ዘረጋልኝ። ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ቢደውል ጥሪው አልገባለትም፣ ኢንተርኔት የሚባልም አያውቅም። ደነገጥሁ። የሚሄዱትን ሰው ሳዘጋጅ የሚቀሩትን ረስቻለሁ።

አቶ ደምሴ ጠረጴዛውን እሳቸው እንደሚይዙ ነገሩኝና የራሴን ስልክ ይዤ ሆስፒታል ሄድሁ። የሕፃኗን ልቅሶ ቀድቼ ላክሁ። መልእክቱ ሳይደርስ ብዙ ቆየ። አለባቸው ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። ከዚያ ደረሰ፤ ተከፈተም።

የየኔታ መልስ አጭር ነበር። ከኋላቸው የመኪና ድምፅ ይሰማል፤ መንገድ ላይ ነበሩ።

“ልቅሶዋን ሰማሁ። እናቲቱስ? የእሷን ድምፅ አሰሙኝ።”

ስልኩን ለውዴ ሰጠኋት። “አባዬ፣ ደህና ነኝ” አለች። ያንኑ ላክነው።

ከበዓሉ በኋላ የኔታ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ሲመጡ በሱቁ በኩል አለፉ። ያቺን የውዴን አጭር መልእክት እንዳትጠፋባቸው ሌላ ቦታ እንዳስቀምጥላቸው ጠየቁኝ፤ በሜሞሪ ካርድ ገለበጥሁላቸው።

አሁን እኔ ማማከሩን ለሌሎች አስተምራለሁ፤ እንዲህም እላቸዋለሁ፦ መንገደኛ የቱ ሲም ይሻላል ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ እቤት የሚቀረው ሰው በምን ስልክ እንደሚያናግረው ጠይቁት። መልሱን ሳትሰሙ አትምረጡለት።