የሜትሩ እርምጃ

ሜትሩ ይሉታል፤ ዋና ስሙን የምታስታውስ ሚስቱ ብቻ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጓደኞቹ ጋር አደን ሲወጣ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ «መቶ ሰማንያ!» ካለ መቶ ሰማንያ ነው። የተጠራጠረ ካለ በእግሩ ይቆጥርለታል። አንድ እርምጃ፣ አንድ ሜትር።

ባለፈው ዓመት ግን አምስት ጊዜ ተኩሶ አምስቱንም ሳተ። ጥይቶቹ ሁሉ ከአጋዘኑ ጀርባ በላይ አለፉ። ጓደኞቹ በቀልድ ጀምረው በቁም ነገር ጨረሱት፦ ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ ድንኳን ጠባቂ ይሆናል። ለሜትሩ ይህ በቁም መቀበር ነው።

«ዓይኔ ደክሞ ነው» አለና ሚስቱን አስከትሎ የአደን ዕቃ መሸጫ ሱቅ ገባ።

«ልጄ፣ ሩቁን ከሁሉም አብልጦ የሚያቀርበውን ባይኖኩላር ስጪኝ።»

ሻጯ አሥራ አምስት እጥፍ የሚያቀርበውን አወረደችለት። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ መንገዱ ጫፍ ባለው የውሃ ታንከር ላይ ያረፈችውን እርግብ አየ። ወዲያው ፊቱን አኮሳተረ።

«ይቺ ወፍ ጠጥታለች እንዴ? ትወዛወዛለች!»

«እሷስ ደህና ናት አባባ» አለች ሻጯ ሳቋን ውጣ። «ብዙ የሚያቀርብ የእጅን መንቀጥቀጥም ያጎላል። ይሄ ስምንት እጥፍ የሚያቀርበው ይሻልዎታል፤ ቀላል ነው፣ ሲመሻሽም ጥርት አድርጎ ያሳያል።»

በስምንቱ ሲያይ እርግቧ አደብ ገዛች። ባይኖኩላሩን አውርዶ ባዶ ዓይኑን ቢሞክር እንኳ ጅራቷን ለየ። ዓይኑ ደህና ነው! ደስ አለው። ታዲያ የሚስተው ለምንድን ነው?

ሻጯ መዳፍ የማትሞላ ርቀት መለኪያ አነሳች። «ታንከሩ ስንት ሜትር ይሆናል አባባ?»

«ሁለት መቶ አርባ።»

መለኪያዋ ሁለት መቶ አለች።

«ውሸቷን ነው!» ብሎ እየቆጠረ ወጣ፤ ሚስቱም ከጎኑ። ታንከሩ ሥር ሲደርስ እጁን ወደ ሰማይ ሰቀለ። «ሁለት መቶ አርባ! ምን አልኩ?»

ሚስቱ ጫማውን አየች።

«አንተ ሰውዬ፣ ስንጋባ ለአንድ እርምጃህ እኔ ሁለት ነበር የምራመደው። ሶምሶማ ነበር ሥራዬ። አሁን ጎን ለጎን ነው የደረስነው።»

«አንቺ ፈጥነሽ ነዋ!»

«በዚህ ጉልበቴ? ያጠረው ያንተ እርምጃ ነው እንጂ።»

ሜትሩም ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ። ለካ በየዓመቱ ደህና ዓይኑን ባጠረ እግሩ ሲያርም ኖሯል! ሩቅ ነው እያለ አፈሙዙን ሽቅብ ያነሳል፣ አጋዘኑም በሰላም ይሄዳል። ታንከሩን ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሚስቱ ክንዷን ሰጠችው፤ ወደ ሱቁ ተመልሰው ባይኖኩላሩንም መለኪያዋንም ገዝተው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ሰፈሩን አብረው ይዞራሉ። እሱ በዓይኑ ይገምታል፣ እሷ በመለኪያዋ ታርመዋለች፤ ሲሳሳት አታዝንለትም። የአደኑ ወቅት ሲደርስ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ከጓደኞቹ አንዱ የማዶውን ዛፍ ጠቆመው።

«እስቲ ሜትሩ፣ ያ ስንት ነው?»

አንድ ዓይኑን ጨፈነ። «መቶ ስልሳ።» ከኪሱ መለኪያዋን አውጥቶ አየ፤ ፊቱ ተኮሳተረ።

«ይቅርታ» አለ ጠመንጃውን እያነገተ፣ «በአንድ ሜትር ስቻለሁ። ድንኳኑን ማን ይጠብቅ?»