ዘመኑ ያልቀመሰው ጥብስ

ጎረቤቴ ዘመኑ ላሊበላ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ሃያ ዓመት ሙሉ ለፈረንጅ ሥጋ ሲጠብስ ኖሯል። ስቴክ ይሉታል፤ ወፍራም ሙዳ ሆኖ ውጭው የጠቆረ፣ ውስጡ ቀይ። እኛ ሥጋን ወይ በጥሬው እንቆርጣለን ወይ አብስለን እንበላለን፤ መሀል ላይ ማቆም ለምን እንዳስፈለገ እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እሱ ግን ሥራውን ይወደዋል።

አማቱ አያ ውቤ ደግሞ ይህን ሥራ አይወዱለትም። ጾም የማይገድፉ የኩልመስክ ገበሬ ናቸው። ወንድ ልጅ ወጥ ቤት መግባቱን እንኳ ችለውት ነበር። የከበዳቸው ሌላ ነው፤ ፈረንጁ የሚበዛው ከኅዳር እስከ ገና ስለሆነ ዘመኑ ሥጋ የሚጠብሰው አገር ሁሉ በሚጾምበት ጊዜ ነው። ታዲያ ጨውን ሳይቀምስ እንዴት ይሆናል? ልጃቸው ፀሐይቱ ባሏ ጾም እንደማይገድፍ ምላ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ጅብን ሥጋ እያስጠበቁ ጾመኛ ነው ይባላል ወይ ብለው ነገሩን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ ከእሷ እጅ ይበላሉ፤ ዘመኑ የነካውን ግን አይቀምሱም። አንድ ቀን እንኳ ከእጁ ቢበሉለት የሚለው ምኞት ዘመኑን ሲያንገበግበው ኖረ።

እንግዳ ጠፍቶ ሆቴሉ ሲዘጋ ባለቤቱ ለዘመኑ መሸኛ ብሎ የሰጠው አንድ የፈረንጅ ምድጃና ሁለት ጆንያ ማገዶ ነበር። ማገዶው ተጨምቆ ባቄላ ባቄላ የሚያክል ፍሬ የሆነ ሰጋቱራ ነው፤ ምድጃው በመብራት እየሠራ ፍሬውን ጥቂት በጥቂት ለእሳቱ ያቀርባል።

ዘንድሮ ለፋሲካ አያ ውቤ መጡ። ዘመኑ ከቅርጫው የደረሰውን ጉበትና ጨጓራ ለእኔ ለቆ በምትኩ ዳቢት ወሰደ። እኔ አልተከፋሁም። ግቢው ውስጥ ምድጃውን ለኮሰ፤ መብራት እንዳይጠፋበት ስንቱን ቅዱስ እንደለመነ እሱ ይወቅ። አያ ውቤ በረንዳው ላይ ከእኔ ጋር ተቀምጠው ዓይናቸውን ከእጁ አልነቀሉም። ጨው ነሰነሰ፣ ገለበጠ፣ በጣቱ ጫን አድርጎ መብሰሉን አወቀ። ከዚያ ወደ አፉ ምንም ሳያደርስ ቆራርጦ በሳህን አቀረበላቸው።

«ዛሬ እኮ ፋሲካ ነው» አሉ አያ ውቤ። «ጨውን ለምን አልቀመስከውም?»

ዘመኑ ጥፋት እንደተገኘበት ሰው አንገቱን ደፋ። የድሮውን ሙግት በዚያች ሰዓት ረስቶት ነበር መሰለኝ።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው አባባ። በጾም ስጠብስ ኖሬ ሳልቀምስ መሥራት ለመድኩ። ስቴክ የሚሉትን በልቼም አላውቅ።»

ሃያ ዓመት ሰውን በከንቱ መጠርጠር ቀላል አይደለም፤ ሽማግሌውን ሲቆጫቸው ከፊታቸው ላይ አየሁት፣ እኔም አዘንኩላቸው። ትልቁን ቁራጭ በእንጀራ ጠቀለሉና «ና ልጄ፤ መጀመሪያ አንተ» ብለው አጎረሱት። ልጄ ሲሉት ሰምቼ አላውቅም።

ዘመኑ ቀስ ብሎ አላመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ጨው አንሶታል» አለ።

ፀሐይቱ ጨው ልታመጣ ብድግ አለች። አያ ውቤ በእጃቸው መለሷት፤ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው እንዳለ በሉት።