እናቷ የሠራችው ነጥብ

ነገሩ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ የአራተኛ ክፍል ልጃችንና አስተማሪዋ ነን። ልጄ ስትናገር ጎበዝ ናት፤ ስትጽፍ ግን ፊደል ታገላብጣለች፣ ትዘላለች። አስተማሪዋ «ስንፍና አይደለም፣ ዲስሌክሲያ የሚባል የማንበብና የመጻፍ ችግር ነው» ብላ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሰጠችን። ፕሮግራሙ ቃል ይጠራል፣ ልጅቷ ፊደሎቹን ትገጣጥማለች፤ ካገኘች ነጥብ ሰጥቶ ከበድ ያለ ቃል ያመጣል፣ ከሳተች ወደ ቀላሉ ይመልሳታል። መስከረም ላይ ተፈትና ካልቻለች ክፍሉን ትደግማለች ተብሏል።

እኔ ማንበብ የቻልኩት ማንም ሳያስተምረኝ ነው፤ ሰበብ አልወድም። ማታ ከቄራ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ነጥቧን አያለሁ። ነጥቡ ክረምቱን ሙሉ ጨመረ። ካዛንቺስ ውስጥ ያልነገርኩት ጎረቤት የለም።

ትምህርት ሊከፈት ሲል አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፕሮግራሙ «ተንቀጠቀጠ» ብሎ ጠራ። ልጄ አንድ ፊደል ሳትነካ አለቀሰች።

«ታዲያ ያንን ሁሉ ነጥብ ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ» አለች ባለቤቴ። «ቀኑን ሙሉ ትሞክራለች፤ አንተ ልትመጣ ስትል የቀረውን እሞላላታለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ማሽኑ እኮ የቻለች መስሎት ነው የሚያከብድባት!»

«እኔ ምን አውቄ? ገና ከበሩ ‹ነጥብ!› ስትል ማን ይችልሃል?»

ንዴቴ አልበረደም። በእናት አንጀት የተሠራ ማታለልም ማታለል ነው። ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው ደረጃ ከፈትኩላት፤ ለፈተናው ግን አልደረሰችም፤ ክፍሉን ደገመች። ማታለሉ ሁላችንንም አንድ ሙሉ ክረምት አስከፈለን፤ ልጄን ደግሞ አንድ ዓመት አስከፈላት።